አይረን ክኒን ጀመራችሁ፣ እየሰራ መሆኑን በ2 ሳምንት እንዴት ታውቃላችሁ

በአይረን እጥረት የመጣ የደም ማነስ አለብህ ተብሎ ክኒን የታዘዘለት ሰው ብዙ ጊዜ ሚባለው "ይሄን ሶስት ወር ውሰድና ተመለስ" ነው። ሶስት ወር ግን ረጅም ነው። ክኒኑ ወደ ደም ካልገባ፣ ወይ ደሞ እየገባ በሌላ በኩል ደም እየፈሰሰ ከሆነ፣ ሰውየው ሶስቱንም ወር ደረጃ ሲወጣ እያለከለከ፣ ልቡ ድው ድው እያለ፣ ስራውን በግድ እየጎተተ ነው ሚያሳልፈው፣ ዋናው ችግርም ከስር ዝም ብሎ እያደገ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ይሄን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም። አይረን በየቀኑ ሚወስድ ሰው 14ኛው ቀን አካባቢ ሂሞግሎቢኑን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ሚሸከመውን) ቢለካ መልሱን በአብዛኛው ያገኘዋል። ቢያንስ 1 ግራም በዴሲሊትር ከጨመረ መንገዱ ትክክል ነው፣ ካልጨመረ ግን የሆነ ነገር አለ ማለት ነውና ያኔውኑ ፍለጋ ይጀመራል። እዚህ ምጽፈው ያንን እንዴት እንደምትከታተሉ ነው፣ ለራሳችሁም ይሁን ለምታስታምሙት ሰው። ሐኪማችሁን አይተካም፣ ግን ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ ትክክለኛውን ወረቀት ይዛችሁ ትክክለኛውን ጥያቄ እንድትጠይቁ ይረዳችኋል።

ክኒኑን ከመጀመራችሁ በፊት

መነሻ ቁጥር ከሌለ ለውጥ ሚባል ነገር የለም። ሲቢሲ ሚባለው ሙሉ የደም ምርመራ ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ የተሰራ መሆን አለበት። ከስድስት ወር በፊት የተሰራውን ይዞ መነሻ ማድረግ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ከዛ ወዲህ ሂሞግሎቢኑ የበለጠ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ክኒኑ በደንብ እየሰራም ያልሰራ ይመስላችኋል። የአይረን ክምችት ምን ያህል እንደቀረ ሚያሳየው ፌሪቲንም የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ይሰራ፣ አይረን ከተጀመረ በኋላ ትርጉሙ እየተደበላለቀ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ በሆነ አዋቂ ላይ ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ የአይረን ክምችቱ አልቋል ይላል፣ ብዙ ሐኪሞች 30ን ነው ሚጠቀሙት፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የሰውነት ብግነት ያለበት ሰው ላይ ደሞ ፌሪቲን በውሸት ከፍ ስለሚል እስከ 70 ድረስ ያለውም እጥረት ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱን አትጣሉ። ፎቶ አንሱትና ከጎኑ ክኒኑን የጀመራችሁበትን ቀን፣ የክኒኑን ስም እና ውስጡ ያለውን የንጹህ አይረን መጠን ጻፉ። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው ሚዘለው ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይረኑ ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ የተሰራበት ውህድ (ጨው ይባላል) ክብደት እንጂ የአይረኑ ብቻ አይደለም። ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊግራም ሚል ክኒን ውስጥ ያለው ንጹህ አይረን 65 ሚሊግራም ነው፣ ፌረስ ፉማሬት 325 ውስጥ 106 ገደማ አለ፣ ፌረስ ግሉኮኔት 325 ውስጥ ግን 36 አካባቢ ብቻ። ሶስቱም ላይ "325" ነው የተጻፈው፣ ግሉኮኔት ሚወስደው ሰው ግን ሚያገኘው ፉማሬት ከሚወስደው ሲሶውን ነው። ስለዚህ ለውጡ ለምን ዘገየ ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ምን ያህል እየወሰዳችሁ እንደሆነ እወቁ፣ ካልገባችሁ ፋርማሲስቱን "ንጹህ አይረኑ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሌላ ነገር ደሞ፣ መነሻውንም ክትትሉንም ከተቻለ አንድ ላብራቶሪ አሰሩት። ማሽን ከማሽን ትንሽ ይለያያል፣ እኛ ምንፈልገው ለውጥ ደሞ 1 ግራም ነው፣ የማሽኑ ልዩነት ብቻውን የዛን ሩብ ወይ ግማሽ ሊበላባችሁ ይችላል። ውሃ የጠማው ሰው ደሙ ስለሚወፍር ሂሞግሎቢኑ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ብዙ ግሉኮስ ሲንጠለጠልለት የሰነበተ ሰው ደሞ ቀጥኖ ዝቅ ይላል። መለኪያውንም እዩ፣ አንዳንድ ላብራቶሪ በዴሲሊትር 9.2 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው በሊትር 92 ይላል፣ ሁለቱ አንድ ነው፣ በሊትር ከሆነ ምትጠብቁት ጭማሪ 10 ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

መጀመሪያ ሚመጣው ለውጥ ወረቀት ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ ነው። አይረን ለሂሞግሎቢን ብቻ አይደለም ሚያስፈልገው፣ ጡንቻም አንጎልም ውስጥ አይረን ሚፈልጉ ኢንዛይሞች አሉ፣ ስለዚህ ሂሞግሎቢን ገና ፈቀቅ ሳይል በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ቀለል ያለው፣ የምግብ ፍላጎቱ የመጣ፣ ጭንቅላቱ ንቃ ያለ ሰው ታያላችሁ። በተለይ እዩልኝ ምለው በረዶ ማኘክን ነው። አይረን ያነሰው ሰው በረዶ፣ አፈር፣ ጠመኔ፣ ያልበሰለ ሩዝ ምናምን ያምረዋል፣ ብዙዎቹ አፍረው አይናገሩም፣ ስትጠይቋቸው ነው ሚያወጡት። የበረዶው አምሮት አይረን ሲጀመር አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ነው ሚጠፋው። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ምን ያምራችሁ እንደነበር ጻፉትና በሳምንቱ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ጥንቃቄ ግን፣ መድሃኒት ጀመርኩ ብሎ ማሰብ ብቻውን ሰው ያነቃቃል፣ ስለዚህ "ተሽሎኛል" ማለት ደስ ሚል ዜና ቢሆንም የደም ምርመራውን አይተካም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው፣ ይሻለውና ክኒኑን ያቆማል፣ ምርመራውንም ይተዋል፣ ክምችቱ ግን ገና ባዶ ነው።

ሰገራችሁ ይጠቁራል። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ቅርጹ እንደወትሮው ከሆነ ያልተመጠጠው አይረን ነው፣ አያስፈራም። ክኒኑ መዋጡን እንጂ ወደ ደም መግባቱን ግን አይነግራችሁም። አስፋልት ላይ እንደሚፈሰው ሬንጅ ሚያጣብቅ፣ ሚያብረቀርቅ፣ ለየት ያለ ከባድ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ቀጠሮ ሚጠበቅበት ነገር አይደለም፣ የዛኑ ቀን ሕክምና ነው።

ሬቲኩሎሳይት፣ ቀድሞ ሚናገረው ምርመራ

መቅኔ አይረን ሲያገኝ አዳዲስ ቀይ የደም ሴሎች መልቀቅ ይጀምራል። ገና ከመቅኔ የወጡት ለጋዎቹ ሬቲኩሎሳይት ይባላሉ፣ ደም ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ቆይተው ይበስላሉ። የደም ማነሱ መካከለኛ ወይም ከባድ ከሆነ ቁጥራቸው ከ3ኛ 4ኛ ቀን ጀምሮ መጨመር ይጀምርና በ7ኛና በ10ኛው ቀን መሃል ጫፍ ይደርሳል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑ ወሳኝ ነው። በ2ኛው ቀን ብትለኩ ገና ነው፣ በ3ኛው ሳምንት ብትለኩ ወርዶ ታገኙትና "መቅኔው አልሰማም" ብላችሁ በከንቱ ትደነግጣላችሁ።

ቁጥሩን ስታነቡ ደሞ ፐርሰንቱን ብቻ አትመኑ። ፐርሰንት ማለት ከጠቅላላ ቀይ ሴሎች ስንቱ ለጋ ነው ማለት ነው፣ ጠቅላላው ራሱ ካነሰ ፐርሰንቱ በውሸት ትልቅ ይመስላል። ለዛ ነው ሚታረመው፣ ፐርሰንቱን በሄማቶክሪት (ከደሙ ስንት ፐርሰንቱ ቀይ ሴል እንደሆነ ሚያሳየው ቁጥር) አባዝታችሁ ለ45 ታካፍላላችሁ። እንበል ሬቲኩሎሳይት 5 ፐርሰንት፣ ሄማቶክሪት 27 ቢሆን፣ 5 ሲባዛ በ27 ሲካፈል ለ45፣ 3 ፐርሰንት ይሆናል፣ አሁንም ጥሩ ምላሽ ነው ግን 5 አይደለም። ማሽኑ ቁጥሩን በቀጥታ በማይክሮሊትር ስንት ብሎ ከጻፈላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ሂሳቡ አያስፈልጋችሁም። አንዳንድ ዘመናዊ ማሽኖች ደሞ በለጋዎቹ ሴሎች ውስጥ ምን ያህል ሂሞግሎቢን እንዳለ ይለካሉ፣ እሱ ከሁሉም ይቀድማል፣ በ2ኛ እና በ4ኛ ቀን መሃል ከፍ ማለት ይጀምራል፣ የትም ስለማይገኝ ግን ካልተሰራላችሁ አትጨነቁ።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ሬቲኩሎሳይት ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ሂሞግሎቢኑ 6 ወይም 7 የሆነ ሰው ላይ፣ ምርመራው ያጠራጠረ ሰው ላይ፣ ቶሎ መወሰን ያለበት ነገር ካለ፣ ያኔ በሳምንቱ መለካቱ ዋጋ አለው። ሂሞግሎቢኑ 11 ላይ ያለ ሰው ግን የሬቲኩሎሳይቱ ጭማሪ ትንሽ ስለሆነ ላይታይ ይችላል፣ አልታየም ተብሎ መድሃኒቱ አልሰራም ማለት አይቻልም። ለአብዛኛው ሰው የ2 ሳምንቱ ሂሞግሎቢን ይበቃል።

14ኛው ቀን

ለምን 1 ግራም? ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው እንበል፣ 5 ሊትር 50 ዴሲሊትር ነው፣ ስለዚህ ሂሞግሎቢን በ1 ግራም በዴሲሊትር እንዲጨምር ሰውነት 50 ግራም አዲስ ሂሞግሎቢን መስራት አለበት። እያንዳንዱ ግራም ሂሞግሎቢን 3.4 ሚሊግራም አይረን ይይዛል፣ በድምሩ 170 ሚሊግራም። ለ14 ቀን ስታካፍሉት በቀን 12 ሚሊግራም ገደማ ነው። 65 ሚሊግራም ከዋጠ ሰው አንጀት 12 መውሰድ ማለት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ነው፣ አይረን የጠማው ሰውነት ይሄን መስራት ይችላል። እንግዲህ ሂሳቡ ግምት ነው፣ ሰው ከሰው ይለያያል፣ ግን አንድ ነገር በደንብ ያሳያችኋል፣ በየጊዜው ክኒን ሚረሳ፣ ወይ ከሻይ ጋር ሚውጥ፣ ወይ በየወሩ ብዙ ደም ሚፈሳት ሰው ይሄ 170 ሚሊግራም በቀላሉ ይጎድልባታል።

አሁን ወረቀቱን ይዘን እንየው። ለምሳሌ ያህል ነው፣ መነሻው ላይ ሂሞግሎቢን 8.1፣ ሄማቶክሪት 26፣ ኤምሲቪ (የቀይ ሴሎቹ አማካይ መጠን) 68፣ አርዲደብሊው 18፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ ሚያደርጉት ሴሎች) 490 ሺህ ነበር እንበል። በ14ኛው ቀን ሂሞግሎቢን 9.4፣ ሄማቶክሪት 30፣ ኤምሲቪ 71፣ አርዲደብሊው 24፣ ፕላትሌት 380 ሺህ ሆነ። ሂሞግሎቢኑ በ1.3 ጨምሯል፣ በቃ ዋናው ጥያቄ ተመልሷል። ግን ብዙ ሰው እዚህ ጋ አርዲደብሊው ላይ ቀይ ምልክት ያይና "ከበፊቱ ብሶበታል" ብሎ ይደነግጣል። አልባሰበትም፣ እንደውም ደስ ሚለው ቁጥር እሱ ነው። አርዲደብሊው ሚነግረን የቀይ ሴሎቹ መጠን ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚለያይ ነው። ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት የተሰሩት ሴሎች ትናንሽ ናቸው፣ ከጀመረ በኋላ ሚወጡት ጤነኛ መጠን አላቸው፣ ሁለቱ ለጊዜው ደም ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚሄዱ ልዩነቱ ሰፋ ይላል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ነው ሚኖረው፣ ስለዚህ አሮጌዎቹ ቀስ እያሉ እስኪያልቁ አርዲደብሊው ከፍ ብሎ ይቆይና በወራት ውስጥ ይወርዳል። ኤምሲቪም ለዚህ ነው ቀስ እያለ ሚወጣው፣ በ2 ሳምንት 90 አትጠብቁ። ፕላትሌት በአይረን እጥረት ጊዜ ከፍ ማለት ይወዳል፣ ሲታከም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ቁጥሩ 0.9 ቢሆንስ? ኧረ በ0.1 አትጣሉ። 1 ግራም ማለት ሰው ያስቀመጠው መስመር ነው፣ የማሽን ልዩነትም አለ፣ 0.8 እና 0.9 ላይ ሰውየው ተሽሎት ክኒኑን በደንብ እየወሰደ ከሆነ በ4ኛው ሳምንት ደግሞ መለካት ነው፣ ያኔ 2 ግራም ገደማ መጨመር አለበት። 0.2 ወይም 0 ከሆነ ግን፣ ወይም ጭራሽ ከወረደ፣ "ትንሽ ጊዜ እንስጠው" ሚባልበት አይደለም።

መስመሩ ማይሰራባቸው ሰዎችም አሉ። መነሻው 11.4 የነበረ ሰው በ2 ሳምንት 12.4 ላይደርስ ይችላል፣ ሰውነት ወደ ልኩ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በጣም የወረደ ሰው ነው ፈጥኖ ሚወጣው። ቀን እየዘለለ ሚወስድ ሰውም በ2 ሳምንት ብቻ አይፈረድበት፣ የዋጠው ክኒን ግማሽ ነው፣ ለሱ 4ኛው ሳምንት ይሻላል። ነፍሰ ጡር ደሞ የደሟ ውሃ በእርግዝናው ስለሚጨምር ሂሞግሎቢኗ ቀጥኖ ይታያል፣ ጭማሪውን ይሸፍነዋል፣ ለሷ መፍትሄው መጠበቅ ሳይሆን በየ2 በየ3 ሳምንቱ መለካት ነው ምክንያቱም የመውለጃው ቀን አይጠብቅም። በመሃል ደም የተሰጠው ሰውም አለ፣ አንድ ከረጢት ደም ሂሞግሎቢንን በ1 ግራም ገደማ ያወጣል፣ ስለዚህ ጭማሪው የከረጢቱ ነው ወይስ የክኒኑ ሚለው አይለይም፣ መነሻችሁን ደሙ ከተሰጠ በኋላ የተለካው አድርጉት።

ልጆች ላይ መጠኑ በኪሎ ነው ሚሰላው፣ ሐኪሙ ነው ሚወስነው፣ ምላሹም ብዙ ጊዜ በ4ኛው ሳምንት ነው ሚታየው፣ 1 ግራም ወይም ከዛ በላይ ከጨመረ ምርመራው ትክክል እንደነበር ያረጋግጣል። ፈሳሹ ጥርስ ያጠቁራል፣ በስሪንጅ ወደ ጉንጭ ወደ ኋላ አድርጋችሁ ስጡ። እና እባካችሁ፣ የአይረን ክኒን ልጅ ማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ለእናትየው የታዘዘውን ትንሽ ልጅ እንደ ከረሜላ ከዋጠው ሊሞት ይችላል፣ ይሄ ማጋነን አይደለም። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል።

በ2 ሳምንት ማይለኩ ነገሮች

ፌሪቲን አትለኩ። አንድ ቤተሰብ ከብዙ ችግር በኋላ ደሞዝ ሲያገኝ መጀመሪያ ዕዳውን ይከፍላል እንጂ ባንክ አያስገባም፣ ሰውነትም አይረን ሲያገኝ መጀመሪያ ሂሞግሎቢን ይሰራበታል፣ ወደ ክምችት ሚያስገባው ከዛ በኋላ ነው። በ2 ሳምንት ፌሪቲን ዝቅ ቢል ምንም ማለት አይደለም፣ ከፍ ቢልም ጉንፋን ይዟችሁ ሊሆን ይችላል። አይረን በደም ስር የተሰጠው ሰው ላይ ደሞ ጭራሽ ያሳስታል፣ ከመርፌው በኋላ ለሳምንታት ፌሪቲን ሰማይ ይደርሳል፣ አይረን በዛብኝ ብሎ መደንገጥ ይመጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከተቻለ ደሞ 8 ሳምንትና ከዛ በላይ ይጠበቅ። ሴረም አይረን ሚባለው ምርመራም ለክትትል አይሆንም፣ ጠዋት ክኒን ውጣችሁ ደም ከሰጣችሁ ሚታየው የዛን ጠዋት ክኒን ነው።

ካልጨመረስ

መጀመሪያ ሚጠየቀው ክኒኑ በእርግጥ እየተዋጠ ነው ወይ ሚለው ነው። ይሄን ስትጠይቁ እንደ መርማሪ አትሁኑ። አይረን ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያደርቃል ወይ ያስቀምጣል፣ ሰዉ ይሄን ችሎ ችሎ በአምስተኛው ቀን ይተወዋል፣ ከዛ ተቆጪ ስለሚፈራ "እየወሰድኩ ነው" ይላል። "ሳምንቱን ስንቱን ቀን ዋጥሽው?" ብሎ መጠየቅ "እየወሰድሽ ነው?" ከሚለው በጣም ይሻላል፣ እውነቱን ለመናገር በር ይከፍታል። ክኒኑ ካስቸገረ መፍትሄ አለው፣ ቀን መዝለል፣ አይረኑ ያነሰ ክኒን መቀየር፣ ከትንሽ ምግብ ጋር መውሰድ፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሚመጠጠው ቢቀንስም ጭራሽ ካለመውሰድ ይሻላል።

ሁለተኛው አወሳሰዱ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ ካልሲየም፣ የቃር መድሃኒት፣ እነዚህ ሁሉ አይረኑን ይይዙታል ወይም እንዳይመጠጥ ያደርጉታል፣ ቢያንስ ከአንድ ሁለት ሰዓት አራርቁ። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሚወስድ ሰው የጨጓራ አሲዱ ስለሚቀንስ አይረን በደንብ አይመጠጥለትም፣ መድሃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ግን ለሐኪሙ ንገሩት። ሌቮታይሮክሲን ሚወስድ ሰው በ4 ሰዓት ያራርቅ፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከአይረን ጋር እየተያያዙ አቅማቸውን ያጣሉና ሰዓቱን ፋርማሲስት ጠይቁ። አንጀት ሲደርስ ብቻ እንዲሟሟ ተብሎ የተሸፈነ ክኒን ደሞ ለሆድ ይመቻል ግን አይረን በዋናነት ሚመጠጠው ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፣ እሱን ካለፈ በኋላ ቢሟሟ ብዙ አይጠቅምም። አልጨመረም ብላችሁ በራሳችሁ በቀን ሶስቴ ማድረግ ግን አይረዳም፣ አንድ ክኒን ሲዋጥ ጉበት ሄፕሲዲን ሚባል ሆርሞን ያወጣል፣ እሱ ለ24 ሰዓት ያህል የአይረን መግቢያውን ያጠበዋል፣ በዛው ቀን ሚዋጠው ሁለተኛና ሶስተኛ ክኒን በአብዛኛው ሆድ ማስቸገሪያ ነው ሚሆነው። በቀን አንዴ ወይም ቀን እየዘለሉ ሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ሶስተኛው ደም እየፈሰሰ ነው ወይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የወር አበባ ብዛት ሴቶች ራሳቸው "ኖርማል ነው" ብለው ለዓመታት ይኖሩበታል፣ በየሰዓቱ ሞዴስ ሚያስቀይር፣ የረጋ ደም ሚያወጣ፣ ከሳምንት በላይ ሚቆይ ከሆነ ኖርማል አይደለም፣ ይታከማል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አዘውትሮ ሚወስድ ሰው ጨጓራው ሳያመው ሊደማ ይችላል። ወንድ ከሆነ ወይም የወር አበባ ያቋረጠች ሴት ከሆነች ደሞ የአይረን እጥረት ሚመጣው በአብዛኛው ከጨጓራና ከአንጀት በሚፈስ ደም ነው፣ ከነዛ መሃል የአንጀት ካንሰር አለ። እና ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ እነዚህ ሰዎች ላይ ሂሞግሎቢን በአይረን ጨመረ ማለት ምክንያቱ ተገኘ ማለት አይደለም። በቀን ትንሽ ትንሽ ሚደማ ካንሰር ያለበት ሰውም አይረን ሲወስድ ሂሞግሎቢኑ ይጨምራል፣ ክኒኑ እየሞላ ካንሰሩ እያፈሰሰ። ስለዚህ በ14ኛው ቀን 1.5 ጨምሮ ሁሉም ደስ ቢለውም ጨጓራንና ትልቁን አንጀት በካሜራ ሚያዩት ኢንዶስኮፒውና ኮሎኖስኮፒው መቅረት የለባቸውም፣ "ደሜ ተስተካከለ" ብሎ ቀጠሮ ሚሰርዝ አባት ካላችሁ እባካችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ከዛ በኋላ ያሉት የሐኪሙ ስራ ናቸው፣ ግን ብታውቋቸው አይጎዳችሁም። ክኒኑ በትክክል እየተዋጠ ደምም ሳይፈስ አልጨምር ካለ አንጀቱ ላይመጥ ይችላል፣ ሴሊያክ (አንጀት ስንዴ ውስጥ ባለው ግሉተን ሚጎዳበት በሽታ)፣ ኤች ፓይሎሪ ሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የጨጓራ ግድግዳ መሳሳት፣ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ይታያሉ። ወይ ደሞ ከመነሻውም የአይረን እጥረት ብቻ አልነበረም። ታላሴሚያ ሚባለው በዘር ሚወረስ የሂሞግሎቢን ችግር ያለበት ሰው ኤምሲቪው በጣም ትንሽ ሆኖ የቀይ ሴሎቹ ብዛት ግን ልክ ወይም ከልክ በላይ ነው፣ ፌሪቲኑም ዝቅ አይልም፣ አይረን ቢሰጠው አይጠቅመውም። የኩላሊት በሽታ፣ የቆየ ኢንፌክሽን፣ የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ሰው ላይ ሄፕሲዲን ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚል ክኒን በደንብ አያልፍም። ቢ 12 ወይም ፎሊክ አሲድ አብሮ ያነሰበትም አለ፣ መቅኔው አይረን አግኝቶ ሌላው ዕቃ ጎድሎበት ይቆማል። ምክንያቱ ከታወቀ፣ ክኒን ማይመጠጥለት ወይም ማይችል ሰው በደም ስር አይረን ማግኘት ይችላል፣ በ2 ሳምንት ማወቅ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ወደዚህ ውሳኔ ከሁለት ወር በላይ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ።

በየትኛውም ቀን ላይ ብትሆኑ፣ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ሚያጥረው፣ ደረቱን ሚያመው፣ ራሱን ሚስት፣ ደም ሚያስታውክ ወይም ያ ሬንጅ መሳይ ሰገራ የታየበት ሰው 14ኛውን ቀን አይጠብቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ከጨመረስ

ትቀጥላላችሁ። በ4ኛው ሳምንት 2 ግራም ገደማ ጨምሮ፣ ብዙ ሰው ላይ በ2 ወር አካባቢ ልኩ ይደርሳል። ልክ የደረሰ ቀን ግን ክኒኑ አይቆምም፣ ዕዳው ነው የተከፈለው፣ ክምችቱ ሚሞላው ከዛ በኋላ በሚወሰደው 3 ወር ገደማ ነው፣ ፌሪቲንም ያኔ ይለካል። ክኒኑ ከቆመ በኋላም በየጥቂት ወሩ ሲቢሲና ፌሪቲን አሰሩ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ሂሞግሎቢኑ ሳይወርድ ፌሪቲኑ ብቻ መንሸራተት ከጀመረ፣ ወይም ያ የበረዶ አምሮት ከተመለሰ፣ ክኒኑን ደግሞ መጀመሩ ብቻውን አይበቃም፣ የሆነ ቦታ አሁንም ደም እየወጣ ነው ወይም አይረን እየገባ አይደለም፣ የድሮዎቹን ወረቀቶች ሁሉ በቀን ደርድራችሁ ይዛችሁ ሐኪሙን "ከየት ነው እየጎደለብኝ ያለው?" ብላችሁ ጠይቁት።